ማንም የማይሞትበት ፊልም ቤት

ስለ አባቴ ጥሩ ጥሩውን ብቻ የሚነግሯችሁ ሰዎች ፊልም ቤቱን ጠርገው የማያውቁ ናቸው። እኔ ጠርጌዋለሁ። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ የሱፍ ፍሬ ገለባ በምራቅ ርሶ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ይጠብቀኛል፤ ወንበሮቹ ሥር እጄን ስሰድ አንዱ አላምጦ የለጠፈው ማስቲካ ገና ሳይደርቅ ጣቴ ላይ ይሳባል። ክፍሉ የእግር ሹራብ ይሸታል። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ ይልቅ የሚያንገሸግሸኝ የሰዎቹ አስተያየት ነበር።

አባቴ የፊልም ቤቱ ባለቤትም አስተርጓሚም ነበር። ፊልሞቹ የሚመጡት በባዕድ ቋንቋ ነው። ከሥር የሚነበብ ትርጉም ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ቢኖራቸውም ከተመልካቹ ግማሹ ማንበብ አይችልም፣ ግማሹ ደግሞ መነጽሩን ቤት ረስቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አባቴ ከስክሪኑ ጎን ይቀመጥና የፊልሙን ድምፅ ቀንሶ የሁሉንም ንግግር በማይክሮፎን ይተረጉማል። ወታደሩም እሱ ነው፣ ሙሽራዋም እሱ ነው፣ ውሻ ካለ ውሻውም እሱ ነው። ቋንቋውን የለመደው በወጣትነቱ ለውጭ አገር መሐንዲሶች ሲላላክ ነው፤ አሳምሮ ይችለዋል። ሰፈሩ "አፈ ማር" ይለዋል።

ፊልሙ ሲያልቅ በሩ ላይ ይቆምና የሚወጣውን ሁሉ "እንዴት አገኛችሁት?" ብሎ ይጠይቃል። ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ፣ ቀኑን ሙሉ አጥንት ሲፈልጥ የሚውለው ሰውዬ፣ የሚያስፈራው ፊልም ደም ስለበዛበት ራቱን እንዳስጠላው ተናገረ። ልብስ ሰፊዋ በፍቅሩ ፊልም ልጅቷ መሞት አልነበረባትም፣ መሞቷ ካልቀረም ቀሚሷ ወገቧ ላይ ልክ መሆን ነበረበት አለች። ጡረታ የወጣው መምህር የጦርነቱን ፊልም ወዶታል፤ የተሸነፉት እነዚያኞቹ ቢሆኑ ግን ይመርጥ ነበር። የታክሲ ሹፌሩማ ገና ከመጀመሩ እንቅልፍ ጥሎት ሲያንኮራፋ ይቆይና ሲወጣ ታሪኩ አይያያዝም ይላል። የአስቂኙን ፊልም ሁሉም በአንድ አፍ አላሳቀንም አሉ፤ አባቴ ቀልዱን ከመተርጎሙ በፊት ራሱ እየተንከተከተ ስለነበር ቀልዱን የሰማው ሰው አልነበረም።

ሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰው ነበር። አባቴ ግን ቅር ያለው ሰው በበሩ ሲወጣ ማየት አይሆንለትም። ምስሉን መለወጥ ስለማይችል ንግግሩን መለወጥ ጀመረ። አንገቱ የተቆረጠውን ሰውዬ "ቀለም ተደፋበት" አለው። የተሸነፈው ጦር "ምሳ ደርሷል ተብለን ነው" እያለ እግሬ አውጪኝ ይላል። በፍቅሩ ፊልም ልጅቷ ዓይኗን ከድና፣ ቤተሰቧ ዙሪያዋን ቆሞ ሲንሰቀሰቅ፣ አባቴ ድምፁን አወፍሮና አለስልሶ "ሐኪሙ ትንሽ ታሸልብ ብሏል፤ የሚያለቅሱት ከደስታ ብዛት ነው" አለ። የሬሳ ሣጥኑ ከቤት ሲወጣ ደግሞ "የሰርግ ዕቃዋ ነው" ብሎ ገላገላቸው።

ልብስ ሰፊዋ ስትወጣ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ፊልም አይታ እንደማታውቅ ለአባቴ ነገረችው። ባለ ሥጋ ቤቱም ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ። ሣጥኑን እኮ በዓይናቸው አይተዋል፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድም አይተዋል። ያን ቀን ማስቲካ ስፍቅ ወደ ላይ ወደ ላይ አለኝ፤ ከማስቲካው ይሁን ከሰዎቹ አልለየሁትም። ለአባዬ እንደቀፈፈኝ ነገርኩት። እሱ ግን ሳቀና "ሰው እቤቱ የሚበቃው ሐዘን አለው፣ ደግሞ እኔ ጋ መጥቶ ያልቅስ እንዴ?" አለኝ።

እናቴ ከኋላው ረድፍ ጥግ ላይ አትጠፋም። አንድም ቀን አስተያየት ሰጥታ አታውቅም። በሩ ላይ "አንቺስ?" ሲላት ራትህ ይቀዘቅዛል ብላው ታልፋለች።

ከዚያ እናቴ መክሳት ጀመረች። የበላችው አይረጋላትም፤ እየተቀመጠች ሆዷን በክርኗ ትጫናለች። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ለጥቂት ቀናት ሆስፒታሉ ውስጥ ሕመምተኛ እያዩ ነበርና ወረፋ ይዘን፣ የሆዷን ፎቶ አስነስተን አንዱ ሐኪም ጋ ገባን። የሚያስተረጉመው ነርስ ሌላ ክፍል ስለነበር ሐኪሙ እንድንጠብቀው በእጁ ምልክት ሰጠን። አባቴ ግን "ቋንቋው የፊልሞቹ ነው፤ እኔ እያለሁ ለምን እንጠብቃለን?" ብሎ ወንበሩን ስቦ በሁለቱ መሐል ተቀመጠ።

ሐኪሙ ብዙ አወራ። የሆዷን ፎቶ መብራት ላይ ለጥፎ አንድ ቦታ በእስክሪብቶ ከበበ፣ ቀጥሎም ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አሳየ። እኔ ቋንቋውን አላውቅም። ግን አፍ ሌላ፣ ትርጉሙ ሌላ ሲሆን ስመለከት ነው ያደግኩት። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ያ የማይክሮፎን ድምፁ መጣ።

"ጨጓራ ነው ይላል። ኪኒን ትወስጃለሽ፣ ቅባት ትቀንሻለሽ። በቃ።"

ሐኪሙ ጣቱን ከቀን መቁጠሪያው ላይ ሳያነሳ አንድ ነገር ጠየቃት።

"መልካም ሳምንት ይሁንልሽ ነው የሚልሽ" አለ አባቴ።

በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ተጸይፌ አላውቅም፤ የገዛ አባቴን። ልጮህበት አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኗ እሱ ላይ ነበር።

"ፊልም ቤት ዝም የምልህ የሰው ሞት ስለሆነ ነው" አለችው። "ይሄ የኔ ነው። ሰውዬው ያለውን ንገረኝ።"

ሐኪሙ እሱንም እሷንም ተራ በተራ ይመለከታል። አባቴ ሲናገር ድምፁ ቀጭን ነበር፤ እኔ የማላውቀው የሌላ ሰው ድምፅ።

"ዕጢ ነው ይላል። ክፉ ዓይነት ነው። ሐኪሞቹ ሐሙስ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በፊት ሆዷ ተከፍቶ ካልወጣ..."

"ካልወጣስ?"

"ትሞታለች ይላል።"

"ከወጣስ?"

"እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም ይላል።"

እናቴ ሻርፗን አስተካከለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት ነበር፤ አልደበቀችውም። "ይክፈተኝ በለው" አለች።

አባቴ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረው። ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ መጻፍ ሲጀምር አፈ ማር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ሐኪሙ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረና አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ የሚተረጉምልን ሰው ግን አልነበረም።