አጥር የተነሣለት በሬ

የእህቴ ልጅ ዳባት ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ባለፈው እሑድ ልትጠይቀኝ ደባርቅ ስትመጣ አንድ ከረጢት ደረቅ ቅጠል ይዛ ገባች። ገበሬው ከብቱን ከጥገኛ ተውሳክ የሚያክምባቸውን ዕፅዋት እየሰበሰበች ለምርመራ ትልካለች። ኮሶውንም እንቆቆውንም በጠረናቸው ለየሁላት። የመጨረሻውን እሽግ ስትፈታው ግን ሣቄ አመለጠኝ። ትምባሆ ነበር።

"እትዬ፣ ምን ያሥቅዎታል?" አለችኝ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ቤታችንም ከሊማሊሞ አፋፍ ብዙ አይርቅም። በእኛ አገር ትምባሆ ድሮም የተጠላ ነው፤ አባቴ ደግሞ በዚህ ነገር ከሌላው ቄስ ሁሉ ይብሱ ነበር። መንገደኛ ሲጋራ ይዞ በደጃችን ካለፈ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔማ እንዴት እፈራቸው እንደነበር! በር ላይ ሲያስሉ ከሰማሁ በጓሮ በኩል ሹልክ ነበር።

ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት በጋው ረዘመ። ምንጩ ነጥፎ ከብቱ የሚጠጣው ከረግረጉ ሆነ። ግንቦት መገባደጃ ላይ፣ ገብስ ልንዘራ ጥቂት ሲቀረን፣ ዳለቻ የምንለው በሬያችን ባፍንጫው ደም ያንጠባጥብ ጀመር፤ መብላትም ተወ። ያለን አንድ ጥማድ በሬ ነው። አንዱ ከሞተ ሌላው ብቻውን አያርስም፤ ያልዘራ ደግሞ ምን ያጭዳል? ጎረቤታችን አያ ተገኘ አፍንጫውን ገልጦ አየና "አልቅት ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ገብቶበታል" አለ።

የመጀመሪያው መላ ጥማት ነበር። በሬውን ውሃ ከልክለን አዋልንና በገበቴ አፍንጫው ሥር ስናቀርብለት አልቅቱ ውሃ ሽቶ ብቅ አለ። አያ ተገኘ እጁን አመድ ነክሮ ያዘው፤ አሟለጨው። ከዚያ ወዲያ ራሱን አላሳየንም። በማግሥቱ ዳለቻ አጥሩ ሥር እንደተኛ መነሣት አቃተው።

"አባ፣ እንግዲህ የቀረው ትምባሆ ነው" አለ አያ ተገኘ። "ዘፍዝፎ ጭማቂውን ባፍንጫው ማንቆርቆር።"

"ትምባሆ ከደጄ አይገባም" አሉ አባቴ። ነገሩ በዚያ አለቀ።

ለእርሳቸው አለቀ እንጂ ለእኔ አላለቀም። ቆሎ በነጠላዬ ቋጥሬ ወደ ሊማሊሞ መንገድ ወጣሁ። ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ከመጀመራቸው በፊት የጭነት መኪኖች ቆም የሚሉበት ቦታ አለ። አንዱን ሾፌር ሲጋራ ስለምነው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ያንገቴን መስቀል አየ።

"አንቺ ልጅ፣ ለማን ነው?"

"ለበሬ።"

ሆዱን ይዞ ሣቀ። ነገሩን ስነግረው ግን ፓኮውን እንዳለ ሰጠኝ፤ እኔም ቆሎዬን ዘረገፍሁለት።

ስመለስ አባቴ በራችን ላይ ቆመዋል።

"ምን ይዘሻል?"

መዋሸት አልሆነልኝም። "ትምባሆ፣ አባ።"

እኔን አዩ፤ በሬውን አዩ። ዳለቻ ዓይኑን ከድኗል። "ከበሩ እንዳታልፊ!" አሉኝ። በሬውም እኛም አለቀልን ብዬ እዚያው አፈር ላይ ቁጭ አልሁ።

አባቴ ግን ጋቢያቸውን ጥለው የእሾህ አጥሩን ይነቅሉ ጀመር። እጃቸው እየደማ እሾሁን ጎትተው በበሬውና በቤቱ መካከል መልሰው ደረደሩት። አያ ተገኘ ነገሩ እስኪገባው አፉን ከፍቶ ቆመ፤ ከዚያ ሮጦ አገዛቸው። ሲጨርሱ ዳለቻ ከተኛበት ንቅንቅ ሳይል ከግቢያችን ውጭ ሆነ።

"በይ አሁን ስጭው" አሉኝ፣ ከአጥሩ ውስጥ ሆነው ላባቸውን እየጠረጉ።

አያ ተገኘ ሲጋራውን ፈርፍሮ ዘፈዘፈ፤ በጨርቅ አጠለለና አንቆረቆረለት። በሬው አነጠሰ፤ ምንም የለም። ደግሞ ሲያነጥስ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ጥቁር አልቅት መሬት ላይ ዱብ አለ። እልልታዬን አቀለጥሁት። አባቴ "ተመስገን" ብለው ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲርገፈገፍ አየሁ። ለዳለቻ በሶ በጥብጠን ሰጠነው። ሲመሽ በገዛ እግሩ ቆመ፤ ሰኔ ላይም አረሰ። ሰው "አባ፣ አጥርዎ ምነው ጎበጠ?" ሲላቸው "በሬ ወጥቶበት ነው" ይሉ ነበር።

የእህቴ ልጅ ሥቃ ሥቃ ሲወጣላት ፊቷ ኮስተር አለ።

"ቅጠሉ ውስጥ ያለው ነገር እኮ አልቅቱን አደንዝዞ ያስለቅቀዋል፤ መጠኑ ካለፈ ግን ከብቱንም ይገድላል። ምን ያህል አደረጉበት?"

"ፓኮው ውስጥ የነበረውን ሁሉ።"

"እትዬ፣ እንኳንም ተረፈላችሁ!"

ይህን ሁሉ ዘመን ከአልቅቱ ብቻ የተገላገልን ይመስለኝ ነበር። እንደ አዲስ ተመስገን አልሁ።

የአጥሩ ጉብጠት ዛሬም አለ። ወንድሜ እሾሁን አንሥቶ በቆርቆሮ ሲያጥረው እንኳ አላቃናውም። እዚያ በደረስሁ ቁጥር ያ የደማ የአባቴ እጅ ይታየኛል። ከዚያ ቀን በኋላ በር ላይ ሲያስሉ ሮጬ የምቀበላቸው እኔ ነበርሁ።