አባ ጫልቱን የማያውቅ ፕሮፖዛል

ሐሙስ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ላንድሮቨራችን ከኮምፒውተር ማዕከሉ ግቢ ወጣች። ጋሽ ታዬ ይነዳሉ። የሥራ ባልደረባዬ ዮናስ ከኋላ ከትርፍ ጎማና ከጀሪካን ጋር ተጣቦ ያዛጋል። እኔ ከፊት ነኝ፤ ጭኔ ላይ የሁላችንም ጭንቅ የሆነው ፕሮፖዛል አለ። በስቴንስል ተባዝቶ ቀለሙ ገና ይሸታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነቀምቴ ያለ አንድ የመንግሥት ድርጅት ከገበሬው በግዴታ ኮታ እህል ይገዛል፤ ለገበሬው ማዳበሪያም ያከፋፍላል። የእህሉ ሥራ በአንድ ኮምፒውተር፣ የማዳበሪያው በሌላ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ድርጅቱ የሚያገናኝለት ባለሙያ ይፈልጋል። አንድ የውጭ አገር ኩባንያ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ ፕሮፖዛል ቀድሞ አስገብቷል። የእኛ ማዕከል ደግሞ እንዲህ ያለውን ሥራ በራሱ ልጆች ሠርቶት አያውቅም። አለቃችን ሲሸኘን፣ ባዶ እጃችሁን ከመጣችሁ ከእንግዲህ እነሱ ያስባሉ፣ እኛ ለኮምፒውተራቸው ካርድ እንበሳለን ብሎናል። ቅዳሜ ኮሚቴ ፊት እንቀርባለን። እኔ የነቀምቴ ልጅ ነኝና፣ በአገሬ ሰው ፊት መሸነፍ ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምትልኝ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ የባኮ መንገድ

ጌዶ ላይ ብርድ፣ ባኮ ላይ ሙቀት። በመሐል አንድ ኬላ ላይ ጠባቂው የይለፍ ወረቀታችንን ሲያነብ “ኮምፒውተር” የሚለው ቃል ላይ ደርሶ ቆመ፤ ጥይት ይጎርሳል ወይ ብሎ ጠየቀን። ጋሽ ታዬ ሒሳብ ነው የሚጎርሰው ብለው ሲያስረዱት ስቆ ገመዱን አወረደልን። አኖ ስንደርስ አንዲት ሴትዮ በስሙኒ ልንጨርሰው የማንችል ማንጎ በመስኮት አስገባችልን። ዮናስ ሸሚዙን አበላሸ፤ አንድም ሰው አላዘነለትም።

ሐሙስ አመሻሽ፣ ሲሬ

በድርጅቱ የሲሬ መጋዘን ቆምን፤ የፕሮፖዛላችንን ዋና ሐሳብ በእውነተኛ ስሞች ልንሞክር። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የገበሬው ስም ከነአባቱ በሁለቱም ኮምፒውተር ካለ ሰውየው አንድ ነው። ዮናስ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ማዳበሪያ የወሰዱትንና እህል ያስገቡትን ማመሳከር ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ፊቱ በራ። ማዳበሪያ ከወሰዱት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ እህል አስገቢዎቹ ውስጥ የሉም።

“ሰናይት፣ እህሉን በድብቅ ለነጋዴ ሸጠውታል” አለኝ። “ይህን የመጀመሪያው ገጽ ላይ እናስገባው፤ ኮሚቴው እጁን በአፉ ይጭናል።”

በዚያ ዘመን ኮታውን አላስገባም የተባለ ገበሬ ምን እንደሚጠብቀው ለማንም የተሰወረ አልነበረም። እንዲገባ አልፈለግሁም። ግን ምን ብዬ ልከራከር?

ያን ጊዜ ሚዛን ላይ ያለው ጸሐፊ ወደ ተሰለፈው ሰው ዞሮ “አባ ጫልቱ፣ ኮታ!” ብሎ ጠራ፤ በኦሮምኛ ይምጡ ማለቱ ነው። ካፖርት የደረቡ ሽማግሌ በቆሏቸውን አስመዘኑ። ጸሐፊውም እንደጠራቸው “አባ ጫልቱ” ብሎ ጻፈ። ጫልቱ የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። በወለጋ የተከበረ ሰው በልጁ ስም እንጂ በገዛ ስሙ አይጠራም፤ ጸሐፊው ደግሞ ጎረቤታቸው ነው፣ ብዕር ስለያዘ አይባልግባቸውም። ይህን እያወቅሁ አድጌ፣ አዲስ አበባ ተቀምጬ የጻፍኩት ፕሮፖዛል ግን አባ ጫልቱን አያውቃቸውም። ጠጋ ብዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠኋቸውና በገበሬ ማኅበር ማን ተብለው እንደተመዘገቡ ጠየቅኋቸው። ነገራ አሉኝ። ነገራ ማዳበሪያ ከወሰዱት፣ ዮናስ ከጠረጠራቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ።

ዮናስ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ከጆንያው ተነሣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሲሳሳት ያውቃል።

ዓርብ፣ ነቀምቴ

አባቴ ከጉራጌ አገር በወጣትነቱ መጥቶ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። የጽሕፈት መኪና ከትምህርት ቤት ተውሼ ባንኮኒው ላይ ስዘረጋ፣ ሳሙናና ጨዉን ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝ። ቀኑን ሙሉ ፕሮፖዛሉን እንደገና ጻፍን። ዮናስ ያነባል፣ እኔ እመታለሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ አባዬ በጭንቅላታችን ላይ ስኳር ያቀብላል።

“ልጅህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ቢሮ ብዬ አልፋለሁ” አለኝ፤ “እስቲ ዛሬ ንገሪኝ።”

በራሱ ስም አስረዳሁት። ንግድ ፈቃዱ ላይ ወልዴ ነው፤ ለገበያተኛው ግን በታላቅ ወንድሜ በክፍሌ ስም አባ ክፍሌ ነው። ወልዴና አባ ክፍሌ አንድ ሰው መሆናቸውን ማሽኑ እንዲያውቅ ማድረግ፣ ሥራዬ ይህ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ስኳሩን መመዘን ቀጠለ። ቅር ብሎኛል፤ አንድ ቃል ጠብቄ ነበር።

ቅዳሜ፣ ከኮሚቴው ፊት

የገበሬዎቹ ተወካይ ሆነው ጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጡት አባ ጫልቱ ራሳቸው ናቸው። ሥራ አስኪያጁ የውጭዎቹ በስም እናገናኛለን ማለታቸውን ነግሮን በምን እንደምንለይ ጠየቀ።

“በስም ብቻ ካገናኘን ሐቀኛውን ገበሬ ኮታ ያላስገባ እናደርገዋለን” አልኩ። እያንዳንዱ አባል መታወቂያው ላይ የራሱ ቁጥር እንዲኖረው፣ ከመዝገብ ስሙ ጎን ደግሞ ሰው የሚጠራው ስም እንዲገባ ጽፈናል። ሚዛን ላይ የሚሠራው ልጅ ቁጥሩን ያያል፣ አክብሮቱንም አይተውም።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጫፉ ዞረ። “ጓድ ነገራ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?”

“ማኅበር ላይ ነገራ ነኝ፤ ሚዛን ላይ አባ ጫልቱ” አሉ ሽማግሌው። “ይቺ ልጅ ሁለታችንንም ታውቀናለች። የእሷ ይሁን።”

ሥራው ለእኛ ተሰጠ። ኮራሁ፤ ለምን እደብቃለሁ? በማዕከላችን ኮራሁ፣ በዮናስ ኮራሁ፣ ባደግሁበትም አገር ኮራሁ። ስንወጣ አባ ጫልቱ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እኔ ደብዳቤውን ተቀብዬ ሱቅ ስደርስ እሳቸው ቀድመውኝ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ጉባኤውን ሁሉ ለአባቴ ሲያወሩ አገኘኋቸው።

እሑድ ጠዋት፣ መመለሻ

ጋሽ ታዬ ሞተሩን አስነሥተዋል። አባዬ አንድ ጠርሙስ ማር በጋዜጣ ጠቅልሎ መስኮቱ ድረስ መጣ። ስለ ቅዳሜው ለእኔ እስካሁን ምንም አላለኝም።

“በሉ አባ ክፍሌ፣ ደህና ይሰንብቱ” አሉ ጋሽ ታዬ።

አባቴ ማሩን ጭኔ ላይ አስቀመጠና እጁን ለጋሽ ታዬ ዘረጋ።

“አባ ሰናይት ይበሉኝ” አላቸው።