ጎርፍ ሸሽተን ጎርፍ ተከራየን

ከቢቸና ገጠር የወጣነው በሐምሌ ዝናብ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። ማታውን ቦረቦሩ ጓሯችንን በልቶ ከግድግዳችን ሥር ደርሶ ነበር። እኔ ስዳር ልጅ የሚዘለው ቦይ ነበር፤ ጎርፉ ከዓመት ዓመት እየቦረቦረው ገደል ሆነና የጤፍ ማሳችንን ዋጠው። ታናሽ ወንድሜ ጌታነህ "የአባቴን አጥንት ጥዬ የት እሄዳለሁ?" ብሎ ቀረ። እኔና ባለቤቴ ልጆቹን ይዘን በአይሱዙ ተጭነን ሞጣ ገባን።

ወገኖቼ፣ ከተማ መግባት ቀላል እንዳይመስላችሁ! የተከራየናት ክፍል ከዳገት ሥር ናት፤ በዘነበ ቁጥር ጎርፉ በበር ገብቶ የአልጋውን እግር ያጥባል። በአገራችን ጎረቤት ሳይጠሩት ይደርሳል፤ እዚህ ሁሉም በሩን ዘግቶ የየራሱን ውሃ ይጠርጋል።

ለአከራያችን ለእትዬ ውባለም ብነግራቸው፣ "ዝናቡን እኔ አላዘዝኩት፤ ካልተመቸሽ ልቀቂ" አሉኝ።

ቀበሌ ሄድኩ። ሠራተኛው ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ "ነዋሪ ነሽ ወይስ ተከራይ?" አለ።

"የምኖረው እዚሁ ነው።"

"ተከራይ ከሆንሽ አከራይሽ ታመልክት። ለዳገቱ ፕሮጀክት ይመጣል፤ በጀት ሲለቀቅ።"

"እስከዚያ ጎርፉን ምን ልበለው?" ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በንዴት "ዳገቱን ራሳችን እንሥራው" እያልኩ የጎረቤቶቼን በር እየዞርኩ አንኳኳሁ። ቀድማ ዶማ ያነሳችው ከወሎ ተመድባ የመጣችው ነርስ ዘሃራ ናት። እኛ "ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፣ ነገ ማርያም ናት" ስንል፣ "ዝናቡ እንደሆነ በዓል አያከብርም፤ እናንተ ሳሙ፣ እኔ ልቆፍር" ትለናለች። አፍረን በሥራ ቀኑ እጥፍ እንቆፍር ነበር። በጋውን በደቦ ዳገቱ ላይ እርከን ሠራን፣ ቦይ ቀደድን፣ ድንጋይ ካብን፣ ሣር ተከልን። በክረምቱ ጎርፉ ቤታችንን ትቶ በቦዩ ወረደ። እልል አልን።

በሳምንቱ እትዬ ውባለም መጡ። "አሁንማ ቤቱ ደረቅ ነው። ደረቅ ቤት በድሮው ኪራይ የለም!"

ንዴቴን ልወጣ ጌታነህ ጋ ደውዬ የእርከኑንም የኪራዩንም ነገር አወራሁት። እሱ ግን ስለ ኪራዩ አልጠየቀኝም።

"እቴ፣ ስትሠሩ ስንት ሰው ነበራችሁ?"

"ሰፈርተኛው ሁሉ።"

"እዚህ ካብ የሚክብ ጠፋ፤ ሁሉም ወጣ። ትናንት ብቻዬን ድንጋይ ሳንከባልል ዋልኩ። ለጥቂት ቀን እንኳ ሰዎችሽን ይዘሽልኝ ነይ።"

ሰዎቼ እኮ አብዛኞቹ እነሱም እንደኔ አገራቸውን ለአንድ ወንድም ትተው የመጡ ናቸው። ይህን እንዴት ልበለው?

"ሄሎ? እቴ? ትሰሚኛለሽ?"

ይሰማኝ ነበር።