ጥላው የቀረበት ወንድም

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከገለምሶ ቡና ጭኜ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ የማወርድ ሹፌር ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት አሰበ ተፈሪ፣ ቄስ ቤት ነው። ስለ ዛፍና ስለ ምንጭ የሚወራውን ሁሉ የድሮ ሰው ጨዋታ ነው እያልኩ አልፈው ነበር።

አንድ ቀን ሚኤሶ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ግመል ገጨሁ። ምሳ በልቼ ነበር፤ የቆላው ሙቀት ሲጨመርበት ዓይኔ ተከደነ። ስባንን ግመሏ ፊቴ ቆማለች። ፍሬን ብይዝም አላዳናትም። ባለቤቷ፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ከብት አርቢ፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ እየሮጠ መጣና አንገቷን አቅፎ ተቀመጠ። ቢሰድበኝ ወይ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ያም ሆኖ የምናገረውን በልቤ አሰናድቻለሁ፤ በድንገት መንገድ ገባችብኝ እላለሁ። ያየኝ ሰው የለም።

ግመሏ እዚያው ታረደች። እኔ ፖሊስ ጋ እንሂድ ስል፣ የተሰበሰበው ሰው ወደ አንድ ሽማግሌ ወሰደን። ሚኤሶ ገበያ ማሽላ ሲሸጡ የኖሩ፣ አማርኛ የሚችሉ ሰው ናቸው። ከመንገዱ ራቅ ብሎ ካለ ትልቅ ሾላ ሥር ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር አስቀመጡን።

«ሳትናገር በፊት ስማ» አሉኝ። «ድሮ ሁለት ወንድማማች በውሃ ጉድጓድ ተጣሉ። እዚህ መጡ። ታናሹ በውሸት ማለ። ሲነሳ ጥላው አልተነሳም፣ እዚሁ ቀረ። አገር ዞረ፤ ሰው ሸሸው፣ ከብቱም ሸሸው። ተመለሰና እውነቱን ተናገረ። ያኔ ጥላው ተነስቶ ተከተለው።»

ፈገግ ልል ነበር። ዙሪያዬን ሳይ ግን የሚስቅ የለም።

ባለግመሉ ቀድሞ በኦሮምኛ ተናገረ። ሽማግሌው ተረጎሙልኝ፦ «መንገድ ዳር ትቻት ውሃ ልጠጣ ሄጄ ነበር፣ እኔም ጥፋት አለብኝ ይላል።»

ደነገጥኩ። ይህን ባይናገር ማን ያውቅበት ነበር? ተራዬ ሲደርስ፣ አሁን ድረስ እያፈርኩ የማወራው ነው፣ መሬት መሬቱን አየሁ። ጥላዬን ፈለግሁ። በዚያ ሰፊ ዛፍ ሥር ግን የማንም ጥላ አይለይም።

«ተኝቼ ነበር» አልኩ። «አባቴ፣ ይንገሩልኝ። ግመሏ አልሮጠችም፤ የተኛሁት እኔ ነኝ።»

ሲነገረው ባለግመሉ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኝ።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተከራከሩም። የባለግመሉ ዘመዶች ግልገል ግመል እንዲያዋጡለት፣ እኔ ደግሞ እስከ አዝመራው ድረስ ከገለምሶ በየወሩ ማሽላ እንዳመጣለት ወሰኑ። ስንለያይ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው።

«እውነት ጥላው ቀርቶ ነበር?»

«እኔ አላየሁም። አባቴም አላየም» አሉ። «ግን ይሄን ሳልናገር ሰው አስታርቄ አላውቅም።»

በወሩ የመጀመሪያውን ጆንያ ይዤለት ሄድኩ። ሚስቱ የግመል ወተት በዋንጫ ቀዳችልኝ። እሱም ወደ ገበያው አብሮኝ ለመሄድ ጋቢናው ውስጥ ገባ። መንገዱን ሙሉ እኔ በማልሰማው ቋንቋ ሲያወራኝ፣ ዝም ስል ክንዴን ሲነካ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ዘግይቶ ገባኝ፤ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ እየጠበቀኝ ነበር።