የልጁ ሁለት ዐይኖች

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አጠገብ ባለው መጠለያ፣ ራኩባ በሚሉት የሕክምናው የሣር ዳስ ጥላ ሥር ሥዕል የሚገለብጥ ሰው ነበር። ስሙን አልጠየቅሁትም። ከጎንደር በኩል የመጣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው ይሉታል። ነጠላው የአቧራ መልክ ይዟል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር ግን ሰማያዊ ቀለም እንደያዘ ነበር።

ፈረንጇ ሐኪም ለእናቶች ማስተማሪያ የሚሆን ሥዕል ከመጽሐፏ መርጣ በወተት ካርቶን ላይ አሳድጎ እንዲሥለው ሰጠችው። ሆዱ የተነፋ፣ እግሩ ያበጠ ልጅ ነው። በጎን ስለቆመ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። ሰውዬው ሆዱንና እግሩን እንዳለ ሠራና ፊቱን ወደ እኛ አዞረው።

«በጎን ይሁን ብላለች፣ ጋሼ» አልኩት፤ አስተርጓሚዋ ነበርኩ።

«በአንድ ዐይን የሚሣል ሰይጣን ነው፤ ይሁዳም» አለኝ ቀና ሳይል። «ይሄ ልጅ ምን በደለ?»

ተረጎምኩላት። ሥዕሉን ጎንበስ ብላ አየችና ተወችው።

ከዚያ ወዲያ ሳንባም ሣለ፣ ጉበትም ሣለ፤ ከላይ ያለው ፊት ግን ሁሌም ያው የአንድ ልጅ ፊት ነው። ግራ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። መጽሐፉ ላይ ጠባሳ የሚባል የለም። እሱ ግን ሥዕሉን ሲጨርስ ብሩሹን አስቀምጦ በጥፍሩ ጫፍ ይሥላታል።