የሰባት ወሯን ልጅ ከደሴ ሳመጣ

መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ሥራ ውሃ ማፍላት ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ የድሬሰርነት ኮርስ ወስጄ፣ አዲስ ነጭ ጋዋን ለብሼ ነው የመጣሁት። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ ብዬ ነበር። ኃላፊያችን ጋሼ ምትኩ ግን ወስደው ላምባ ምድጃው ፊት አቆሙኝ።

የመርፌ መቀቀያው ክዳን ያለው የብረት ሣጥን ነው። የመስተዋት ሲሪንጅ ከነመግፊያው አይገባበትም፤ ይሰነጠቃል። ተነጣጥሎ፣ በጎዝ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚገባው። ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ ሃያ ደቂቃ ይቆያል። ጋሼ ምትኩ የጠረጴዛ ሰዓት አጠገቤ አስቀምጠው ሄዱ።

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ከልጅነቴ እንዲሁ ነኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ክዳኑን አነሳሁ፤ ይፈላል። ከደንኩት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አነሳሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሳነሳ ጋሼ ምትኩ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ምን ታያለህ?»

«መፍላቱን ነው ጋሼ።»

«ካላየኸው አይፈላም?»

ክዳኑን መለስኩት።

«በከፈትክ ቁጥር ሃያው ደቂቃ እንደ አዲስ ይጀምራል። ውጭ ያለው በሽተኛ ሁሉ ያንተን ዓይን ሲጠብቅ ይዋል?» ብለው ሰዓቱን ተመልክተው ከመጀመሪያው አስቆጠሩኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «ክፈተው» ይሉኝ ጀመር። «ክፈተው፣ ጎዝ አምጣ። ክፈተው፣ አልኮሉን አቀብለኝ።» ዘበኛው ሳይቀር ያዘው። ስሜ አያሌው ነው።

አሁን አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የአራት ዓመት ሥራ ምን ትዝታ አለው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም ብዙ የምለው የለኝም። አዲስ የሚመደቡት ድሬሰሮች ግን ስለ አንድ ጉዞ ሰምተው ይጠይቁኛል። በአፍ ስናገረው ይጠፋብኛል፤ መሃል ላይ አቆማለሁ። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ረሃቡ ገና አልለቀቀንም ነበር። ከወግዲም ከሌላውም ገጠር ሰው ወደ ከተማው ይጎርፋል። የጤና ጣቢያው ግቢ ከማለዳ ጀምሮ ይሞላል። የእርዳታ ወተት በፈላ ውሃ እንበጠብጣለን፣ ሲሄድ የቆሰለ እግር እናጥባለን። በዚያ ላይ አብዮቱ መጣ። ሰልፈኛ እየዘመረ በበራችን ያልፋል። ጋሼ ምትኩ ተነስተው መስኮቱን ይዘጋሉ። «አቧራው ቁስል ላይ ያርፋል» ይላሉ። ስለ አብዮቱ ሌላ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

እታገኝ ታላቅ እህቴ ነበረች። የተዳረችው ወግዲ ነው። ባሏ ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ። እሷ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ከስታ፣ ወደ እናታችን ቤት ተመለሰች። አንድ ጠዋት ደም አየች። ጋሼ ምትኩ መረመሯት፣ ለሆስፒታል ወረቀት ጻፉ፣ ለእኔም ፈቃድ ሰጡኝ። እህል አራግፎ ወደ ደሴ የሚመለስ የጭነት መኪና አገኘን። እናቴ መኪናው ድረስ ሸኘችን።

«ሁለት ሆናችሁ ሄዳችሁ ሦስት ሆናችሁ ኑ» አለች።

ደሴ በገባን በሦስተኛው ቀን ወለደች። ካረገዘች ገና ሰባት ወሯ ነበር። ሴት ናት፤ ከእኔ መዳፍ ብዙም አትበልጥም። እታገኝን ደሙ አልቆም አላት። የሚደረገው ሁሉ ተደርጓል፤ የሙያው ሰው ስለሆንኩ አውቃለሁ። እኔም ደም ሰጠሁ። «ማንን ትመስላለች?» አለችኝ፣ ድምፅዋ እየራቀ። ልጅቱ ገና ማንንም አትመስልም ነበር። «እናታችንን» አልኳት። በማግስቱ ሞተች። አንድ ቄስና ሦስት የሆስፒታል ሠራተኞች ሆነን ቀበርናት። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ልጅቱ ሦስት ሳምንት እዚያው በሞቀ ክፍል ቆየች። ከዚያ ክፍሉ ኩፍኝ በያዛቸው ልጆች ተሞላ። የምትከታተላት ሲስተር ጠራችኝ።

«ከዚህ ይልቅ ቤት ይሻላታል። ውሰዳት» አለችኝ። ልጅቱን በባዘቶ ጥጥ ጠቀለለችና ሸሚዜን አስከፍታ ደረቴ ላይ አስተኛቻት። ከላይ ጋቢ አለበሰችኝ። ጭንቅላቷ አንገቴ ሥር ነው። የፈላ ውሃ በቴርሞስ፣ የወተት ዱቄት በጠርሙስ፣ ጠብታ መስጫ ጎማ በጎዝ ተጠቅልሎ ሰጠችኝ። «በየሁለት ሰዓቱ በአንገትህ በኩል አጥባት። ቤት እስክትደርስ አትግለጣት።»

«መተንፈሷን በምን አውቃለሁ?»

«ስትጠባ ታውቃለህ።»

«በመሃሉስ?»

«በመሃሉማ ትታገሣለህ» አለችኝ።

እህል የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ገባሁ። በሹፌሩና በእኔ መካከል እትዬ ዘሃራ የሚባሉ የአቀስታ ሴትዮ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ ናቸው። የልጅቱንና የእናቷን ነገር ነገርኳቸው። በእኔ በኩል ያለው መስኮት መስተዋት የለውም። በጆንያ ተደፍኗል።

ከከተማው ሳንርቅ ጋቢውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ትተነፍሳለች። ከደንኳት። ዳገቱን ስንጀምር ደግሞ አየሁ። ጉጉፍቱ የሚባለው ደጋ ላይ ብርዱ በጆንያው ገብቶ ጉንጭ ይልጣል። እዚያም አየሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ባላየሁ ቁጥር የሞተች ይመስለኛል። በመጨረሻ ሳያት ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ጎማውን ብሰጣት አልሳበችም። ወተቱ በአገጯ ፈሰሰ።

እትዬ ዘሃራ ዞር አሉ። «አንተ ልጅ፣ ከቅድም ጀምሮ ምን ታያለህ?»

«መተንፈሷን ነው እትዬ።»

«ወላሂ፣ እስትንፋሷን የምትወስደው አንተ ነህ። በከፈትክ ቁጥር ብርዱ ይገባል። እንጀራ ሆነችና ነው በስሎ እንደሆን የምታየው?»

ሹፌሩ ሳቀ። እኔ የመቀቀያው ክዳን ትዝ አለኝ። በሙያዬ የተነገረኝን፣ ሲስተሯም የነገረችኝን፣ መኪና ውስጥ እንደገና ልማር ነው።

እትዬ ዘሃራ መቀነታቸውን ፈቱ። ጋቢዬን ከነልጅቱ ከደረቴ ጋር ጥምጥም አድርገው አሰሩና ቋጠሮውን በጀርባዬ በኩል፣ እጄ በማይደርስበት ቋጠሩት።

«አሁን ክፈት እስቲ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ከሁሉም ይከፋል። እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩ። መኪናው ሲንገጫገጭ ልጅቱ ትንቀሳቀስ፣ መኪናው ያንቀሳቅሳት አይለይም። የራሴ ልብ ስለሚመታ የእሷን መስማት አልቻልኩም። «አቁምልኝ» አልኩት ሹፌሩን። «ቆሞ ምን ልትሆን?» አለኝ።

መንገድ ላይ ወታደሮች አስቆሙን። መሣሪያ ይፈትሻሉ። አንዱ በእኔ በኩል መጥቶ ጆንያውን አነሳ፤ ደረቴን አየ።

«ምንድን ነው? ግለጥ።»

«ልጅ ናት።»

«ግለጥ አልኩህ።»

«አልችልም። ቋጠሮው በጀርባዬ ነው።»

እየቀለድኩ መሰለው። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እትዬ ዘሃራ በእኔ ላይ ተሻግረው አንገታቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የሰባት ወር ልጅ ናት። እናቷን ቀብሮ ነው የሚመጣው። ብርዱ ካገኛት ታበቃለች። ካላመንክ ጆሮህን አስጠጋ።»

ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ጋቢው ላይ አደረገ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። እኔ ፊቱን አያለሁ፤ ምንም አላገኘም አልኩ በልቤ። ድንገት ቀና አለ።

«አስነጠሰች» አለ። «የድመት ግልገል ነው የያዝከው?» ጆንያውን ራሱ መልሶ ደፈነልን። «ሂዱ።»

ቀጥሎ ጎማውን በአንገቴ በኩል ስሰጣት ሳበች።

አቀስታ ስንደርስ እትዬ ዘሃራ ሊወርዱ ተነሱ። «መቀነቱስ?» አልኳቸው።

«እናትህ ትፍታው። አብሽር» ብለው ወረዱ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማልዶ ይኬዳል፣ አንድ የሚችል ሽማግሌ ይናገራል። እኔ ብቻዬን ልነግራት ነው። ከመኪናው እስከ ቤታችን ባለው መንገድ የምለውን ስደረድር ሄድኩ።

እናቴ በር ላይ ነበረች። አየችኝ። ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየች። መንገዱ ባዶ ነው። የደረደርኩት ሁሉ ጠፋኝ።

«ግባ። በሩን ዝጋ» አለችኝ።

ዘጋሁ። ጀርባዬን ሰጠኋት፤ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። ፊቷን አላየሁም። እጇ ብቻ ነው የሚታወቀኝ። መሃል ላይ እጇ ቆመ።

«የት ቀበርካት?»

«እዚያው ደሴ። ቄስ ነበር።»

እጇ እንደ ቆመ ቆየ። ከዚያ እንደገና መፍታት ጀመረ። ልጅቱን ከእነባዘቶዋ ወሰደችና ቀሚሷ ውስጥ፣ ጡቶቿ መካከል አስገባቻት። ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ጩኸቷን ጠበቅሁ። አልጮኸችም።

«እናቴ፣ አልቅሺ እንጂ።»

«ከጮህኩ አገር ይመጣል። በሩ ሲከፈት፣ ሲዘጋ ይከርማል። ይቺ ትቀዘቅዛለች።» ቀሚሷን በላይዋ ሰበሰበች። «ይቆይ። እታገኝ እንደሆነ የትም አትሄድብኝም።»

ጎረቤት ሲጠይቅ እናቴ «ደሴ ናት» ትላለች። ውሸት አልነበረም። እኔ ከሥራ ስመለስ እጄን ወደ ቀሚሷ ስዘረጋ ትመታኛለች። «አለች። ወተቱን በጥብጥ» ትለኛለች።

ጤና ጣቢያ በተመለስኩ ቀን ጋሼ ምትኩ «እህትህስ?» አሉኝ። «ደሴ ናት» አልኩ። ትክ ብለው አዩኝ። መቀቀያውን አሳዩኝና ሄዱ። ውሃው ሲፈላ ሰዓቱን አየሁ። ሃያው ደቂቃ እስኪሞላ ክዳኑን አልነካሁም። ሲመለሱ «ሞላ አያሌው?» አሉኝ። «ሞላ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ በስሜ ነው የሚጠሩኝ።

በሰማንያ ቀኗ ልጅቱ ክርስትና ተነሳች። ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለስን እናቴ ልጅቱን ለእኔ አስታቅፋ ወደ ግቢ ወጣች። ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። ያኔ ጮኸች። ሰው ከያለበት ወጣ። ይህን ሁሉ ቀን ደበቅሽን ብለው የተቀየሟት አሉ፤ እስከ ዛሬ የማያነጋግሯት ጎረቤት አለች። እናቴ አልተከራከረችም።

ልጅቱ ሦስት ዓመት አልፏታል። ማንን እንደምትመስል አሁን ታውቋል። እናቴን አትመስልም። እታገኝን ነው። ይህን የምነግራት እታገኝ የለችም። ስትተኛ ዛሬም ተነስቼ ማየት ያምረኛል፤ አንዳንዴ በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።

አዲስ ለምትመደቡት የምለው ይህን ነው። ሲሪንጅ ሃያ ደቂቃ ይቀቀላል። ቀኑ ያልሞላ ልጅ ደረት ላይ ይታሰራል፤ ቋጠሮው በጀርባ ይሁን። ሁለቱም በመሃል አይከፈቱም።