የአንዷ ምራቅ በሁለት ስም

ቡሬ ገበያ ገብታችሁ በርበሬ ስለምትሸጠው ስለኔ ስለ ዙለይካ ብትጠይቁ፣ «ምላሷ ከሸቀጧ ይብሳል» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። ይህንን ምላሴን ግን ከገበያው ይልቅ በገዛ ልጄ ላይ ነው የጨረስኩት።

ፈሂማና ናጂሃ መንቶች ናቸው፤ ዐሥራ ሦስት ዓመታቸው። መልካቸው ግን አይገናኝም። ፈሂማ እኔን መስላ ጠይምና ረዥም፣ ናጂሃ አባቷን መሐመድአወልን መስላ ቀይና ደቃቃ። ባንድ ቀን መድረሳ ገብተው ባንድ ኡስታዝ ሥር ቁርኣን ሊሐፍዙ፣ በቃላቸው ሊይዙ ተቀመጡ። ፈሂማ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የሰማችውን ቁርስ ሳይቀርብ በቃሏ ትወጣዋለች። ናጂሃ ግድግዳውን ተደግፋ ስትወዛወዝ ትውልና ስጠይቃት ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቀጥ ትላለች። ደግሞ እኮ አትጫወት፣ አታወራ! እኔ ግን፣ «ሰነፍ! እህትሽ ካንች ጋር ባንድ ማሕፀን አልነበረች? ምን ታደርጊ፣ የአባትሽ ዘር ነው!» እላታለሁ። መሐመድአወል ይሰማኛል። «ተይ፣ አላህን ፍሪ» ይለኝና ውልቅ ብሎ ይወጣል።

የናጂሃ ምኞት አንድ ነበር፤ መድረሳዎቹ ከረመዳን በፊት ባለው የሻዕባን ወር ፍኖተ ሰላም ላይ በሚያዘጋጁት ዝግጅት የቁርኣንን የመጨረሻ ክፍል፣ ጁዙን፣ በቃሏ መቅራት። እኔም፣ «እስከዚያ ካልጨረስሽ ከመድረሳው አስወጥቼ ሱቅ አስቀምጥሻለሁ» ብዬ ቁርጡን ነግሬያታለሁ።

አምና ያምሮት የምትባል ተመራማሪ መንታ ልጆች ፍለጋ መጣች። ትሁት ልጅ ናት። «ሰው ሁሉ እኩል አይሸመድድም፤ ከናትና ካባት የሚወረሰው ዘረመል አእምሮ ሲያጠና የሚሠራበትን መንገድ ይለውጥ እንደሆነ እናያለን» አለችኝ። ልጆቹ ምራቃቸውን ብልቃጥ ውስጥ ይተፋሉ፤ ሽቦ የበዛበት ቆብ አጥልቀው ቃላት ያጠናሉ፤ መያዝ የሚያስቸግራቸው ደግሞ ስምንት ሳምንት የማስታወስ ልምምድ ይሰጣቸዋል። ናጂሃ ይህንን ስትሰማ ፊቷ በራ። «እማየ፣ እኔንም ያለማምዱኛል?»

እኔ በልቤ ምን እላለሁ? ይህ ቆብ ጉዴን ያወጣዋል፣ የዙለይካ ልጅ ጭንቅላቷ ባዶ ነው ተብሎ ቡሬ ሁሉ ይሰማል፣ ነገ ማን ያገባታል! ያምሮት ምስጢሩ አይወጣም ብላ ብትምልም አላመንኳትም።

በቀጠሮው ቀን ናጂሃን፣ «አክስትሽ ዘንድ በርበሬ መልቀም አግዢ» ብዬ ማንኩሳ ላክኋት። ፈሂማን ጠዋት ምርመራው ቦታ ወስጄ በስሟ አስገባኋት። ከሰዓት በኋላ መዝጋቢዎቹ ተቀይረው ነበርና ሂጃቧን ለውጬ፣ ሌላ ጫማ አጫምቼ፣ «ናጂሃ መሐመድአወል» ብዬ ደግሜ አስገባኋት። አስተግፊሩላህ! ያውም እየሳቅኩ።

ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፣ ልምምድ አያስፈልጋቸውም ተባለ። ናጂሃ ተመልሳ፣ «ቀጠሮው መቼ ነው?» ስትለኝ፣ «ስምሽ አልወጣም» አልኳት። ዓይኗን እያየሁ!

ከወራት በኋላ ያምሮት ሱቄ ድረስ እየፈነደቀች መጣች። «ወይዘሮ ዙለይካ፣ የልጆችዎ ዘረመል እኮ ቅንጣት ልዩነት የለውም! እንዲህ ያሉ መንቶች በመልክም አይለዩም። አንድ ላይ ላያቸው ነው የመጣሁ።»

ኸረ ምን ጉድ ነው! ሳላስበው ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተያይዘው ከች አሉ። ያምሮት ጠይሟን አየች፣ ቀይዋን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ናጂሃ የትኛዋ ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ናጂሃ።

ፈሂማ ልቅሶዋን ለቀቀችው። «ሁለቴም የገባሁት እኔ ነኝ! እማየ ናት ያለችኝ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያምሮት ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸችም። በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ፣ «ካየናቸው ልጆች ውስጥ» አለችኝ፣ «አንዲት መስመር ለመያዝ አእምሯቸው ከሌሎቹ ይልቅ በጣም የሚደክም ነበሩ። ሰነፎች አይደሉም። እንዲያውም ከማንም በላይ እየሠሩ ነው። ጥቂት ጥቂቱን እያረፉ፣ እየደጋገሙ ሲይዙ ብዙዎቹ ተሻላቸው።»

«ናጂሃስ ከነሱ ናት?»

«በምን ልወቅ? የሷን አላየነውም። ቢታይም አንድ ዘረመል ብቻውን የልጅን ዕድል አይወስንም።»

«ካባቷ ነው የመጣ?»

«ከርስዎም ግማሹን ወርሳለች እኮ» አለችኝ።

«ልምምዱስ?» ብላት፣ «ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል» አለችኝ።

ያምሮት ስትሄድ ናጂሃ እግር ሥር ተንበረከክሁ። «አውፍ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። አልተቆጣችም። «ቆቡን ባደርገው ኖሮ፣ እየለፋሁ እንደነበር ታይልኝ ነበር» አለችኝ። ያ ቃል እስከዛሬ ጎኔን ይወጋኛል። ስንት ዓመት ፊቴ ተቀምጣ ስትለፋ፣ ለማየት ቆብ ያስፈልገኝ ነበር?

ከመድረሳው አላስወጣኋትም። በሻዕባን ፍኖተ ሰላም ላይ ፈሂማ ቀራች፤ ናጂሃ ከሕዝቡ መሐል ሆና አዳመጠች። አሁን ከአባቷ ጋር ጓዳ ተቀምጣ በቀን ሁለት አንቀጽ ትይዛለች። ታርፋለች፣ ደግማ ትመለሳለች። እሱ አይቸኩልም፣ አይሰድብም። ወላሂ፣ ዘሩን ስሰድብ የኖርኩት ሰውየ ከኔ ይልቅ ልጄን አወቃት።

ትናንት ከገበያ ስመለስ ድምፅዋን ሰማሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ረዥሙን ሱራ፣ ያን ስንት ጊዜ በሱ ያስለቀስኳትን፣ አንድም ቦታ ሳትሰናከል እየዘለቀችው ነው። መጨረሻው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት አላስችል አለኝና፣ «ማሻአላህ! የኔ ጎበዝ!» ብዬ በሩን ከፍቼ ገባሁ።

መቅራቷን አቋረጠች።

«ቀጥይ እንጂ ልጄ፣ ቀጥይ» አልኳት።

«ጠፋብኝ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።